የይርጋ ተስካር

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ምሕረት ከጋይንት ተመለሰች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ነው የሄደችው፤ ከቁመቷ የሚተልቅ ቦርሳ በጀርባዋ አዝላ፣ ድንኳን ጠቅልላ፣ የወታደር የሚያህል ጫማ ተጫምታ። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ዱብ ስታደርገው ክፍሉ ሁሉ የገብስ እብቅና የደረቅ አፈር ሸተተ። ስልኳን አውጥታ ፎቶ በፎቶ ላይ ታሳየኝ ጀመር። «አባባ፣ ይህን አገር ያውቁታል? በምን ያህል ትንሽ ብር እንደዞርነው ቢያዩ!» አለችኝ። ብስኩቱን እንዴት ለሦስት እንደተካፈሉት፣ መኪና ላለመሳፈር ስንት ሰዓት በእግር እንደሄዱ ዘረዘረችልኝ። እኔ ግን ልቤ እብቁ ሽታ ላይ ነበር። «ልጄ፣ ያንን አገር እኔ አንድ ሳንቲም ሳልይዝ ዞሬዋለሁ» አልኋት። «ታዲያ ምን ይበሉ ነበር?» ስትለኝ «የሰው» አልሁና ሁለታችንም ሳቅን።

ቀልድ አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። የዛሬ ልጆች ጉዞ ሲያስቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት የት እንደሚያድሩ ነው፤ እኛ የምንጠይቀው የትኛው መንደር ውሻ ክፉ እንደሆነ ነበር። ንብረታችን ደበሎ፣ አኩፋዳ፣ ዱላና ዳዊት ነው። ደበሎ የበግ ሌጦ ነው፤ ቀን ልብስ ሆኖ ይውላል፣ ሲመሽ አልጋም ብርድ ልብስም ይሆናል፣ ቁንጫውም ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይማራል። አኩፋዳ አንገት ላይ የምትንጠለጠል የልመና መያዣ ናት። የገብስ ቂጣ፣ የባቄላ ቆሎ፣ ወጥ የነካው ቁራሽ፣ ሁሉም ተደባልቆ ይገባባታል፤ የጣዕሙን ነገር የበላ ያውቀዋል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጃፍ ላይ መቆም ነው። ባለቤቲቱ ቸር ከሆነች ትሰጣለች፣ ካልሆነች «እግዜር ይስጥህ» ትላለች፤ ውሻው ግን የቸርም የንፉግም ቤት ያው ነው። ውሻ ያስተኛል የተባለ ድግምት ከአንድ የጎጃም ተማሪ የሁለት ቀን ቆሎዬን ከፍዬ ተምሬ ነበር። ባቴ ላይ ያለው ጠባሳ እስከ ዛሬ የድግምቱ ምስክር ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አምታታዋለሁ፤ ዋጋውን ግን ጠይቁኝ። በስሙኒ ደህና ዶሮ ይገዛ ነበር፤ ሙክት በሦስት ብር የገዛ ሰው «ተሞኘህ» ተብሎ መንገዱን ሙሉ ይሳቅበት ነበር። አቡጀዲ ሱሪ ያጠለቀ ባለጠጋ ነው፤ ካኪ ኮት የደረበ ደግሞ የመንግሥት ሰው ነውና ከመንገድ ገለል ይባልለታል። ዛሬ አውቶቡስ ሲጮኽባት የምትውለው የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ያኔ ጥቂት ቆርቆሮ ቤት ነበራት፤ ከአንዱ በረንዳ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ በእግሩ የሚረግጣት መኪና ነበረችው። ገበሬው አህያውን አቁሞ መርፌዋ ስትወርድና ስትወጣ ያያል። እኔና ጓደኛዬ ይርጋም ከልመና ስንመለስ አኩፋዳችንን ታቅፈን እንደዚያው ቆመን እናይ ነበር።

ይርጋ የስማዳ ልጅ ነው። አጭር፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ሲስቅ ትከሻው የሚስቅ። እስቴ ውስጥ ከአንድ መምህር ዘንድ ሦስት ዓመት አብረን ቅኔ ተምረናል። እሱ አንድ ጊዜ የሰማውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ማታ የያዝሁትን ጠዋት እፈልገዋለሁ። የኔታ «ጥሩነህ፣ አንተ እኮ የምትማረው በይርጋ ጭንቅላት ነው» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው፤ ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ሆኖ የሚሾከሹክልኝ እሱ ነበር። አባቱ ሲሞቱ አጎቱ «በል ሞፈር ጨብጥ፣ ሚስት አግባ» ቢሉት አንድ ማለዳ ጠፍቶ ነው ወደ ትምህርት የመጣው። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ጠፍቶ የሄደ ተማሪ ደግሞ ሳይማር አገሩ አይገባም፤ በመንደሩ አኩፋዳ አንጠልጥሎ ቢታይ ነውሩ ለዘር ይተርፋል። ይርጋም «የዜማውን ትምህርት ጨርሼ ድጓ ሳልመልስ የእናቴን ደጃፍ አልረግጥም» ብሎ ምሎ ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ የመጣው ሁሉ ከእሱ ነው የመጣው። እስቴ ሳለን ንዳድ የያዘው አንድ የቆላ ተማሪ አገሬ ልግባ ብሎ ተነሣ። ፀሐይ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። ይርጋ ደበሎውን አወለቀና አለበሰው። ያቺ ደበሎ እናቱ የሠሯት ናት፤ አንገቷ ዙሪያ በቀይ ቆዳ የተጠለፈች፣ ሁላችንም የምንቀናባት። «አብደሃል እንዴ?» ብዬ ብጠይቀው «ጥልፉ እሱንም ያሞቀዋል» አለኝ። ተማሪው ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬውን አልሰማንም። ይርጋ አንድ ያረጀ ሌጦ ፈልጎ ለበሰ፣ ነገሩም ተረሳ።

በዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ድጓ ለመማር ወደ ጋይንቱ የድጓ ቤት፣ ወደ ቤተ ልሔም ተነሣን። ተማሪ የሚጠግበው በጥር ነው፤ እህል ተወቅቶ ገበሬው እጁ ይፈታል፣ በየዐውድማው ያለፋችሁ እንደሆነ እፍኝ ሳይሰጣችሁ አይሸኛችሁም። ከእስቴ ወደ ስማዳ እየዘፈንን ሄድን ብል ሐሰት ነው፤ እያዜምን ነው የሄድነው፣ ግን ዜማውን እንደ ዘፈን እያደረግነው። ሰው ሲመጣ ዝም እንላለን። ያን ጊዜ እንደነበርሁት ደስተኛ የሆንሁበትን ሌላ ወራት አላስታውስም። በሦስተኛው ቀን ይርጋ ድንገት ቆመ። «ይኸ ጋራ የኛ ነው» አለኝ። ማዶ ጋን የተሸከሙ ወጣቶች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያዘግሙ አየን፤ ተስካር መሆኑን ሆዳችን ከዓይናችን ቀድሞ ዐወቀ። «እኔን ሰው ያውቀኛል፣ አልገባም» አለና ከጋራው ወዲህ ወይራ ሥር ተቀመጠ። «አንተ ሂድ። ብላ፣ ለኔም ያዝልኝ።» ጥቂት ከሄድሁ በኋላ ጠራኝ። «ጥሩነህ፣ እናቴን እያት። ምንም እንዳትናገር፤ ደህና መሆኗን ብቻ አይተህ ና። ቤታችን ተቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ቅንጭብ ያጠረው ነው።»

ዳሱ የተጣለው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነበር። ካህናቱ በላይ፣ ሽማግሎች በጎን፣ ተማሪ በታች ተደርድሯል። በሬ ታርዷል። የቤቱን ጉዳይ፣ የሟቹን ስም፣ ማንንም ሳልጠይቅ ተቀመጥሁና በላሁ። እንዴት እንደበላሁ አልነግራችሁም፤ የተራበ ሰው ያውቀዋል። ጠላው ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀዳልኝ ራሳቸውን የተላጩ፣ ጥቁር የለበሱ አንድ ወይዘሮ ወደ ተማሪዎቹ መጡ። እያንዳንዱን «ጠገብህ ልጄ?» እያሉ ነው የሚያልፉት። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንተስ ተየት ነው የመጣኸው?»

«ከእስቴ ነኝ እማማ።»

«ተእስቴ? የኔም ልጅ እስቴ ነበር አሉኝ። ይርጋ ነው ስሙ። ታውቀው ኖሯል?»

ዓይናቸውን ላለማየት ጎንበስ ስል ክንዳቸው ላይ ያንጠለጠሏትን አየሁ። ቀይ ጥልፏ ደብዝዟል እንጂ እሷው ናት። «ጥልፏን ያወቀ ነጋዴ ይችን ብቻ ነው ያመጣልኝ» አሉኝ ዓይኔን ተከትለው። «መንገድ ላይ ንዳድ ገድሎት አገኙት፤ እዚያው ቆላ ቀበሩት። ፊቱን አላየሁም። ጥልፏ ግን የእጄ ናት፤ የእጄን ሥራ እንዴት እሳታለሁ? እህል እስኪገባ ብየ ተስካሩን ለዛሬ አቆየሁት።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አለ፤ ከጋራው ኋላ ወይራ ሥር ተቀምጧል» ማለት ብቻ። ሠላሳ ዓመት ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት «አትናገር ብሎኝ ነበርና» የሚል ነው። ሽማግሌ ስሆን ግን ሰው ራሱን ማታለሉም ይደክመዋል። እውነቱ ይኸውና፦ ይርጋ ይህን ከሰማ እናቱን ትቶ አይሄድም። እሱ ከቀረ ደግሞ ቤተ ልሔም ላይ እኔ ማን ነኝ? ማን ይሾከሹክልኛል? በዚያች ቅጽበት ያሰብሁት ስለ ጭንቅላቴ ነው፤ ይርጋ ስለሚባለው ጭንቅላቴ። «አላውቀውም እማማ፤ እስቴ ተማሪው ብዙ ነው» አልሁ።

ወይዘሮ አትጠገብ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዳሱ ጓዳ ገብተው አዲስ ጋቢ ይዘው ተመለሱ። «ሲመለስ ይለብሰዋል ብየ የፈተልሁለት ነው። ተእስቴ የመጣኸው አንተ ነህና አንተ ውሰደው። ዳዊት ድገምለት። ክርስትና ስሙ ኃይለ ማርያም ነው። አደራህን ልጄ።» ተቀበልሁ።

ይርጋ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ብድግ አለ። «አየሃት?»

«አየኋቸው። ደህና ናቸው።»

«ከሳች?»

«አልከሱም።»

«ተመስገን» አለና ያመጣሁለትን መብላት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ የማን ተስካር እንደሆነ ጠየቀኝ። ስሙን አልጠየቅሁም ብዬ ብመልስለት «አይ ሆዳም! የሟቹን ስም ሳያውቅ የሚበላ አንተን ብቻ አየሁ» ብሎ በትከሻው ሳቀ። ጋቢውን ባለተስካሮቹ ዳዊት ድገሙ ብለው እንደሰጡኝ ነገርሁት፤ ይህ እንኳ እውነት ነበር። ሌጦው አርጅቶ ብርዱን አልቻለለትምና አንተ ልበሰው አልሁት። ለበሰው። ልኩ ነበር።

ያን ቀን ምሕረት የአርብ ገበያን ፎቶ ስታሳየኝ ቆርቆሮውን ሁሉ አለፍሁና ሜዳውን ፈለግሁ። ያኔ አርብ ቀን ሜዳው ላይ ቆሞ የማይገኝ ነገር አልነበረም። ጋይንቶች ገብስና ባቄላቸውን በአህያ፣ የአህያ አቅም የሌለው በራሱ ጀርባ አምጥቶ ያፈሳል። ጨው፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የሸማኔ ኩታ፣ አዲስ ሞፈር፣ የማር ቀፎ። ወደ ቤተ ልሔም ስናልፍ በዚያ ሁሉ መካከል ነጭ ጋቢ የለበሰ ይርጋ ጎምለል ይላል። አንዲት ነጭ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ቀና ብላ አየችውና እንደ ድንጋይ ደረቀች። «በስመ አብ! በስመ አብ!» ብላ አማተበች፤ ነጭ ሽንኩርቷን ጥላ በሰዉ መሐል ገብታ ጠፋች። የስማዳ ሴት መሆኗ በአነጋገሯ ያስታውቃል። «ምን ሆነች ይቺ?» አለኝ ይርጋ። «ሌባ መስለናት ይሆናል» አልሁት። እሱ ዘንቢሏን ሰብስቦ ጎረቤቷ ለነበረች ነጋዴ አደራ ሰጠላት፤ እኔ ፊቴን ወደ ጨው ነጋዴዎቹ አዞርሁ።

ቤተ ልሔም ስንደርስ ለአዲስ ገቢ የምትሆን አንዲት የፈረሰች ጎጆ ሰጡን። ሦስት ቀን ሙሉ ሣር አጨድን፣ ጭቃ አቦካን፣ ጎጆዋን ጠገንን። መምህሩ ፊት ቀርበን ስማችን ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ አንድ ማለዳ ይርጋ ጋቢውን አስተካክሎ ተከናነበና ዳዊቱን ገለጠ። «በል፣ የሰው አደራ ለብሰን ዝም ልንል ነው? ለሟቹ እንድገምለት። ክርስትና ስሙን ነገሩህ?»

እንዲያው የመጣልኝን ስም ብል ይበቃኝ ነበር። ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ አገሩ የሞላው ስም ነው። ነገር ግን ሙት የሚጸለይለት በክርስትና ስሙ ነው፤ ሐሰተኛ ስም ወደ ጸሎት ማስገባት ግን አልቻልሁም። ለሰው መዋሸት ችዬበት ነበር፤ ይህ ከበደኝ። «ኃይለ ማርያም» አልሁ።

«ሞክሼዬ ነው!» ብሎ ፈገግ አለ። መልሶ ፊቴን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ። «ጥሩነህ?»

ሁሉንም ነገርሁት። ደበሎዋን፣ የተላጨውን ራስ፣ «አላውቀውም» ያልሁትን። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። እሱ ግን ዳዊቱን በቀስታ ዘጋና ማኅደሩ ውስጥ ከተተው። «ከሳች ወይ ስልህ አልከሱም ያልኸኝስ?» አለ። «አትከተለኝ» ብሎ ወጣ።

ተከተልሁት። እሱ ከፊት፣ እኔ ድንጋይ ቢወረወር በማይደርስበት ከኋላ ሆነን በመጣንበት መንገድ ተመለስን። በየመንደሩ እሱ ሲለምን እኔ እቆማለሁ፤ እሱ ሲያልፍ እኔ እለምናለሁ። አንድም ጊዜ ዞር ብሎ አላየኝም። መንደሩ ሲገባ ግን ያ ምሎበት የነበረው ነውር ትዝም አላለው፤ አኩፋዳውን እንዳንጠለጠለ በአደባባይ ሮጠ። ቅንጭቡ ያጠረው ቤት በሩ በእሾህ ተዘግቷል። ከጎረቤት የወጡ አንድ ሽማግሌ ሲያዩት ዱላቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ መሬቱን ተደግፈው ተቀመጡና ፊቱን ሲዳስሱ ቆዩ። ከዚያ እያለቀሱ ነገሩን። ወይዘሮ አትጠገብ ተስካሩ እንዳለፈ «እንግዲህ ምን ቀረኝ?» ብለው መሬቱን ለአጎትየው፣ ላሚቱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተው ሊመነኩሱ ሄደዋል። «በተስካሩ በአራተኛው ቀን ነው የወጣች» አሉ ሽማግሌው። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ እሰማለሁ። በአራተኛው ቀን እኔና ይርጋ የጎጆ ሣር ስናጭድ ነበር።

ገዳሙ ከዚያ የሁለት ቀን መንገድ ነው። አሁንም እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በሁለተኛው ቀን አንድ ትልቅ አጥር ግቢ ዘንድ ስንደርስ ይርጋ ቆመና ሳይዞር ጠበቀኝ። «ቅደም» አለኝ። «ውሻ አለ። አንተ ነህ ድግምት የምታውቀው።» ቀደምሁ። ውሻው እንደ ልማዱ ባቴን ለመያዝ መጣ፤ ይርጋ በዱላው መለሰልኝ። ከዚያ ጎን ለጎን ሄድን።

ብዙ ዓመት ቆይቶ መሪጌታ ይርጋ ተብሎ፣ ድጓውን መልሶ፣ ከዚያው ገዳም ብዙም ሳይርቅ ወንበር ዘርግቶ ሲያስተምር ኖረ። እኔ ከሁለት ክረምት በኋላ ቤተ ልሔምን ትቼ የአስኳላ አስተማሪ ሆንሁ። ባረፈ ጊዜ ተስካሩ ላይ ነበርሁ፤ እህል ግን አልቀመስሁም።

በዚያ ጉዞ እማሆይ አትጠገብን ያገኘናቸው ከገዳሙ ደጅ ምስር ሲለቅሙ ነው። ቆብ ከጫኑ ገና ሳምንታቸው ነበር። ቀና ብለው ጋቢውን አዩ፣ ከዚያ ፊቱን አዩ። አልጮኹም። ምስሩን ከጭናቸው ላይ ወደ ሰፌዱ በጥንቃቄ መለሱና እጃቸውን ዘርግተው ጆሮውን፣ አፍንጫውን፣ የፊት ጥርሱን ፍንጭት ሳይቀር ዳሰሱ። «ምነው ልጄ» አሉ፣ «ቀደመኝ ብየ ተከትየህ ነበር እኮ።»

ይርጋ እግራቸው ሥር ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። «እማዬ፣ ቤታችን እንሂድ» ይላል። እሳቸው ራሱን ያሻሹታል። «እንዴት ብየ? ቆብ ጭኛለሁ፤ እላየ ላይ ፍትሐት ተደርሷል፤ ለዚች ዓለም ሞቻለሁ። አንተም ሞተሃል ተብሎ በሬ ታርዶልሃል። ሁለታችንም ሙት ነን፤ እንግዲህ ሙትን ተሙት ማን ይለየዋል? ተነሥ፣ ተነሥና ብላ።» ዳቤ የሚሉትን የገዳሙን ዳቦ በሸክላ አመጡለት። እያለቀሰ መብላት ጀመረ።

ያኔ ወደ እኔ ዞሩ። ሽሽት አማረኝ።

«አንተ ጋቢውን የሰጠሁህ ነህ» አሉኝ። «ያን ቀን፣ ስጠይቅህ፣ ልጄ እንዳለ ታውቅ ነበር?»

አፌን ከፈትሁ። ልናገረው ነበር፤ ይህን እናንተ እንድታምኑኝ እፈልጋለሁ።

«አያውቅም እማዬ» አለ ይርጋ፣ ዳቤውን እየዋጠ፣ ዓይኑን ከሸክላው ሳያነሣ። «ኋላ መንገድ ላይ ነው የተገናኘን።»

እማሆይ አትጠገብ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ከይርጋ ጎን የነበረውን ድንጋይ በእጃቸው ጠረጉ።

«እንግዲያ አንተም ቅረብና ብላ» አሉኝ።

ቀረብሁ።